በአውቶካድ መጠን መቀየር፦ ስኬል መቼ፣ ስትሬች መቼ?

አንድ ክፍል በአውቶካድ፣ በኮምፒውተር ፕላን መሳያው ፕሮግራም፣ 4 ሜትር በ3.5 ሜትር ተስሎ አልቋል እንበል። ከዚያ ባለቤቱ ይመጣና «4 ሜትሩን 4.60 አድርጉልኝ» ይላል። ጀማሪ ከሆናችሁ እጃችሁ ቀጥታ ወደ ስኬል፣ ሁሉን በአንድ ቁጥር አባዝቶ ወደሚያሳድገው ኮማንድ ነው የሚሄደው። 4.60 ለ4 ሲካፈል 1.15 ነው። 1.15 ጽፋችሁ ኢንተር ትላላችሁ። ክፍሉ እውነትም 4.60 ይሆናል።

ችግሩ ሌላውም ሁሉ አብሮ ማደጉ ነው። 200 ሚሊሜትር የነበረው ግድግዳ 230 ሆኗል። 900 የነበረው በር 1035 ሆኗል። ማንም ያልነካው የ3.5 ሜትር ጎንም 4.025 ገብቷል። ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የተበላሸ ነገር አይታይም። ቅርጹ ያው ነው፣ ያማረ ነው። ስህተቱ የሚታወቀው በሩን የሚሠራው ሰው ደውሎ «ይሄ 1035 ምንድን ነው?» ሲል ነው።

ስለዚህ ወደ ኮማንዶቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ለራሳችሁ መልሱ። የሚቀየረው ሙሉው ነገር ነው፣ አንድ ጎኑ ብቻ ነው፣ ወይስ ወረቀት ላይ የሚታይበት መጠን ነው? ለሦስቱም መሣሪያው ይለያያል። ብዙው ጣጣ የሚመጣው ሦስቱንም በስኬል ለመጨረስ ከመሞከር ነው።

የኮማንዶቹን ስም እዚህ የምጽፈው እንደሚነበቡ ነው። ኮማንድ ላይን (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስመር) ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፏቸው። አውቶካድን የሚመስሉትን ብሪክስካድ ወይም ዜድደብሊውካድ የምትጠቀሙም ብትሆኑ ዋና ዋናዎቹ ኮማንዶች ያው ናቸው።

መጀመሪያ ለኩ

ምንም ከመንካታችሁ በፊት አሁን ያለውን መጠን እወቁ። «ዲ አይ» ጽፋችሁ ኢንተር በሉና ሁለት ጫፍ ክሊክ አድርጉ። ርቀቱን ይነግራችኋል። ስናፕ (ክሊኩን ልክ ጫፉ ላይ የሚያሳርፈው) መብራቱን አረጋግጡ፤ ማብሪያና ማጥፊያው ኤፍ 3 ነው። ስናፕ ጠፍቶ በዓይን የተነካ ነጥብ ልክ ይመስላል እንጂ ልክ አይደለም።

በር ካለ በሩን ለኩ። በር ፋይሉ በምን መለኪያ እንደተሳለ ቶሎ ይነግራችኋል። 900 ካነበበ ሚሊሜትር ነው። 0.9 ካለ ሜትር ነው። 35.43 ካለ ደግሞ ኢንች ነው። ከሌላ ሰው በመጣ ፋይል ላይ ሁልጊዜ የማደርገው የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነው።

ስኬል፦ ሁሉም እኩል ሲያድግ ወይም ሲያንስ

1. «ኤስ ሲ» ጽፋችሁ ኢንተር በሉ።
2. የሚቀየሩትን ኦብጀክቶች ምረጡና እንደገና ኢንተር በሉ። ይቺን ሁለተኛዋን ኢንተር የሚረሳ ብዙ ነው። ከዚያ «ለምን ዝም አለኝ?» ይላል። ዝም አላለም፣ ሌላ ኦብጀክት እስክትመርጡ እየጠበቀ ነው።
3. ቤዝ ፖይንት ክሊክ አድርጉ።
4. ስኬል ፋክተሩን ጻፉና ኢንተር በሉ።

ፋክተሩ ከ1 በላይ ከሆነ ያድጋል፣ ከ1 በታች ከሆነ ያንሳል። 2 እጥፍ፣ 0.5 ግማሽ ነው። 1 ምንም አይለውጥም። ዜሮ ወይም ኔጌቲቭ ቁጥር አይቀበልም። ሲሶ ለማድረግ 0.3333 ብላችሁ አትድከሙ፤ 1/3 ብላችሁ በክፍልፋይ ጻፉት፣ ይገባዋል፣ ትክክለኛም ነው።

ከአራቱ እርምጃዎች ብዙ ሰው ቸል የሚለው ሦስተኛውን ነው። ቤዝ ፖይንት ማለት ሁሉም ነገር ሲንቀሳቀስ እሱ ብቻ የማይነቃነቅ ነጥብ ነው። ሌላው ሁሉ ከእሱ ይርቃል ወይም ወደ እሱ ይጠጋል። ጠረጴዛ በ2 ስታሳድጉ ቤዝ ፖይንቱን የጠረጴዛው ጥግ ላይ ካደረጋችሁ ጥጉ እዚያው ቆሞ ጠረጴዛው ወደ ሌላው ጎን ያድጋል። መሀሉ ላይ ካደረጋችሁ ወደ አራቱም አቅጣጫ ያድጋል። ባዶ ቦታ ላይ፣ ከጥጉ 10 ሜትር ርቃችሁ ክሊክ ካደረጋችሁ ግን ያ ጥግ 20 ሜትር ላይ ሄዶ ያርፋል። «ስኬል ሳደርገው ጠፋብኝ» የሚሉት ነገር ይሄ ነው። አልጠፋም፣ ተባሮ ነው።

ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ነገር ሲሆን ግድግዳውን የሚነካውን ጥግ ያዙ። ኮለን (ዓምድ) ከሆነ ማዕከሉን። ሙሉ ድሮዊንግ ከሆነ 0,0 ጻፉ፤ ከአንድ ፕሮጀክት የመጡ ሌሎች ፋይሎችንም በዚያው በ0,0 ስኬል ካደረጋችሁ እርስ በርስ ይገጥማሉ።

ኦርጂናሉ እንዲቀርላችሁ ከፈለጋችሁ ፋክተሩን ከመጻፋችሁ በፊት «ሲ» ብላችሁ ኢንተር በሉ። ኮፒ ማለት ነው። የድሮው ባለበት ይቀራል፣ አዲሱ በአዲስ መጠን ይመጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን ለማየት ደስ ይላል።

የስፋት (የካሬ ሜትር) ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ጎኑ በ2 ሲያድግ ስፋቱ በ4 ነው የሚያድገው። «የዚህን ቦታ ካሬ እጥፍ አድርገው» ከተባላችሁ ፋክተሩ 2 ሳይሆን 1.4142 ነው፣ የ2 ካሬ ሥር።

ሬፈረንስ፦ ካልኩሌተር ሳታወጡ

3.87 የሆነ መስመር አለ፣ 5 መሆን አለበት። 5 ለ3.87 ስታካፍሉ 1.2919896 እያለ የማያልቅ ቁጥር ይመጣል። የትኛው ጋ ትቆርጡታላችሁ? የትም አትቁረጡ። ሥራውን ለራሱ ለአውቶካድ ስጡት።

1. «ኤስ ሲ»፣ ኢንተር፣ ኦብጀክቶቹን ምረጡ፣ ኢንተር።
2. ቤዝ ፖይንቱን ክሊክ አድርጉ።
3. «አር» ጽፋችሁ ኢንተር በሉ።
4. መጠኑን የምታውቁትን ነገር አንዱን ጫፍ፣ ቀጥሎ ሌላውን ጫፍ ክሊክ አድርጉ።
5. መሆን ያለበትን ርዝመት ጻፉ፣ ኢንተር።

አምስተኛው ላይ ቁጥር መጻፍ ግዴታ አይደለም። ቤዝ ፖይንቱ እና የመጀመሪያው ጫፍ አንድ ከሆኑ ድሮዊንጉ ላይ ያለ ሌላ ነጥብ ክሊክ አድርጋችሁ «እስከዚህ ድረስ» ማለት ትችላላችሁ።

ሬፈረንስ በጣም የሚጠቅመው በስካን ለመጣ ፕላን ነው። ምስሉን ታስገባላችሁ፣ መጠኑ የዘፈቀደ ነው፣ በዚህ መንገድ ወደ እውነተኛው ልክ ትመልሱታላችሁ። እዚህ ላይ አንድ ጊዜ በደንብ ተቀጥቻለሁ። የድሮ ቤት ፕላን ስካን ተደርጎ መጣልኝ። ጎልቶ የሚታየኝ በሩ ስለነበር በሩን ይዤ 900 አልኩት። ሥራዬን ቀጠልኩ። ግማሽ ቀን ከሳልኩ በኋላ የቤቱን ሙሉ ርዝመት ስለካው 18.20 ሜትር አለኝ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው 18 ሜትር ነው።

20 ሴንቲሜትር ከየት መጣ? ስካን ሲቀርብ መስመሩ ወፍራም ነው። ክሊክ ሳደርግ የበሩን ጫፍ 10 ሚሊሜትር ያህል ስቼዋለሁ። ከ900 ላይ 10 ሚሊሜትር አንድ በመቶ አለፍ ይላል። ያቺ አንድ በመቶ በ18 ሜትር ላይ ስትባዛ 20 ሴንቲሜትር ሆነች። በሩን ትቼ 18 ሜትሩን ራሱን መለኪያ ባደርግ ኖሮስ? ያው 10 ሚሊሜትር ስህተት በበሩ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነበር የምትሆነው። ስለዚህ ከስካን ስትነሱ ልኩ የተጻፈበትን ረጅሙን ነገር ያዙ። ከዚያ አንድ አግድም፣ አንድ ቁመት ለክታችሁ አመሳክሩ። አግድሙ ልክ ሆኖ ቁመቱ ካልገጠመ ወረቀቱ ስካን ሲደረግ ተስቧል ማለት ነው፤ እሱን በስኬል ማስተካከል አይቻልም። እንደገና ስካን ማስደረጉ ይሻላል።

ስትሬች፦ አንድ ጎን ብቻ ሲረዝም

ወደዚያች 4.60 ልትሆን ወደታሰበችው ክፍል እንመለስ። የሚያስፈልጋት ስትሬች ነው። ፋይሉ በሚሊሜትር ነው እንበልና የቀኙን ግድግዳ 600 ወደ ቀኝ እንግፋው።

1. «ኤስ» ብቻ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ።
2. ከቀኝ ወደ ግራ ጎትታችሁ የቀኙን ግድግዳ በሙሉ የሚይዝ፣ የላይኛውንና የታችኛውን ግድግዳ ግን መሀል ላይ የሚቆርጥ ሳጥን ሥሩ። ሳጥኑ አረንጓዴ መሆን አለበት። ሰማያዊ ከሆነ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የጎተታችሁት፣ ድገሙት።
3. ኢንተር።
4. የትኛውም ቦታ ክሊክ አድርጉ። ስትሬች ላይ መነሻው ነጥብ የት እንደሆነ ለውጥ የለውም፣ ርቀቱና አቅጣጫው ነው የሚቆጠረው።
5. ኤፍ 8 ተጫኑና መስመሩ ቀጥ ይበል። ማውሱን ወደ ቀኝ አድርጉ፣ 600 ጻፉ፣ ኢንተር።

ግድግዳው 200 እንደሆነ ቀረ፣ በሩም 900 ነው፣ 3.5ቱም አልተነካም። ክፍሉ ብቻ 4.60 ሆነ።

እንዴት እንደሚሠራ ማወቁ ከብዙ ብስጭት ያድናል። ሳጥኑ ውስጥ የገባ የመስመር ጫፍ ይሄዳል፣ ከሳጥኑ ውጭ ያለው ጫፍ ይቆማል። አንድ ጫፉ ሄዶ ሌላው ከቆመ መስመሩ ረዘመ ማለት ነው። ሁለቱም ጫፎች ውስጥ ከሆኑ መስመሩ አይረዝምም፣ እንዳለ ይሄዳል። ክብ እና ብሎክ (እንደ አንድ ነገር የታሰረ የቅርጾች ስብስብ) ጫፍ የላቸውም። ክብ ማዕከሉ ሳጥኑ ውስጥ ከሆነ ይሄዳል፣ ብሎክ ደግሞ ማስገቢያ ነጥቡ ውስጥ ከሆነ ይሄዳል። አለበለዚያ ባሉበት ይቆማሉ። በምንም መንገድ አይለጠጡም። «መስኮቱ ተጎትቶ ይበላሽብኛል» ብላችሁ የምትፈሩ ከሆነ፣ መስኮቱ ብሎክ ከሆነ አይበላሽም።

ሳጥኑ ያልፈለጋችሁትን ወንበር ከያዘባችሁ፣ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ኢንተር ከማለታችሁ በፊት ሺፍት ይዛችሁ ወንበሩን ክሊክ አድርጉ። ከምርጫው ይወጣል።

ዳይሜንሽኑንም (ልኩን የሚያሳየውን መስመርና ቁጥር) ሳጥኑ ውስጥ አስገቡት፤ ቁጥሩ ራሱ 4600 ብሎ ይቀየራል። ካልተቀየረ ደስ አይበላችሁ። አንድ ሰው ቁጥሩን በእጁ ጽፎበታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዳይሜንሽን ክፍሉ 10 ሜትር ቢሆንም 4000 ማለቱን አያቆምም። ልኩ አልመጣ ሲል ቁጥሩን በእጅ ጽፎ ማለፍን የመሰለ ለሌላ ሰው የሚጠመድ ወጥመድ አላውቅም።

ቀለል ላሉ ነገሮች

አንድ መስመር ብቻ ከሆነ ሌንግዝን አለ። «ኤል ኢ ኤን»፣ ኢንተር፣ «ቲ»፣ ኢንተር፣ 5000፣ ኢንተር፣ ከዚያ መርዘም ወይም ማጠር ያለበትን ጫፍ ጠጋ ብላችሁ ክሊክ አድርጉ። በቃ።

ክብ ከሆነ ስኬልም አያስፈልገውም። ምረጡት፣ ኮንትሮል እና 1 ተጫኑ፣ ፕሮፐርቲስ ሲከፈት ራዲየሱ ላይ አዲሱን ቁጥር ጻፉ። ሬክታንግል ከሆነ ምረጡትና ጎኑ መሀል ላይ ያለውን ሰማያዊ ግሪፕ (ስትመርጡት ብቅ የሚለውን ትንሽ ምልክት) ይዛችሁ ጎትቱ፣ ቁጥር ጻፉ።

ግሪፕ ራሱ ስኬል ያደርጋል። አንዱን ግሪፕ ክሊክ አድርጋችሁ ቀይ ሲሆን ስፔስ ሦስት ጊዜ ተጫኑ። ስትሬች፣ ሙቭ፣ ሮቴት እያለ ሄዶ ስኬል ላይ ይደርሳል። የያዛችሁት ግሪፕ ቤዝ ፖይንት ይሆናል። እኔ ለትንንሽ ነገር በአብዛኛው ይሄን ነው የምጠቀመው።

አላይን፦ ማንቀሳቀስ፣ ማዞር እና መጠን በአንድ ጊዜ

ከሌላ ፋይል የመጣ ቁራጭ አለ። ቦታው ልክ አይደለም፣ ዘሟል፣ መጠኑም አይገጥምም። ሙቭ፣ ከዚያ ሮቴት፣ ከዚያ ስኬል ማለት ይቻላል። «ኤ ኤል» ግን ሦስቱንም ይጨርሰዋል። ኦብጀክቱን መርጣችሁ ኢንተር በሉ። ከቁራጩ ላይ አንድ ነጥብ፣ ቀጥሎ የሚያርፍበትን ነጥብ ክሊክ አድርጉ። ሁለተኛ ነጥብ፣ ሁለተኛ ማረፊያ። ሦስተኛ ሲጠይቃችሁ ኢንተር በሉ። በመጨረሻ «ስኬል ላድርገው?» ይላችኋል። ራሱ ያስቀመጠው መልስ «ኖ» ስለሆነ ዝም ብላችሁ ኢንተር ካላችሁ ዞሮ ይገጥማል፣ መጠኑ ግን አይቀየርም። «ዋይ» ብላችሁ ነው ኢንተር የምትሉት።

በአግድም ብቻ፣ በቁመት ብቻ

ስኬል ኮማንድ አግድሙንና ቁመቱን ለየብቻ አይቀይርም። ምሳሌ፦ አንድ ምልክት በአግድም እጥፍ እንዲሆን፣ ቁመቱ ግን እንዳለ እንዲቆይ ፈለጋችሁ። ብሎክ አድርጉት። «ቢ» ብላችሁ ብሎክ ስትሠሩ እኩል ስኬል የሚያስገድደው ሳጥን ላይ ምልክት አለመኖሩን እዩ። ከዚያ ብሎኩን መርጣችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ የኤክስ ስኬሉን 2 አድርጉ፣ ዋዩን 1 ተዉት። ውስጡ ያለው ክብ እንቁላል እንደሚሆን ግን እወቁ። ብሎኩን ብትበትኑትም ኤሊፕስ ሆኖ ነው የሚቀረው፣ ወደ ክብነቱ አይመለስም።

መለኪያው ሲሳሳት

ፋይሉ በኢንች ተስሎ እናንተ በሚሊሜትር ከሆነ የምትሠሩት ሁሉን ምረጡ፣ ቤዝ ፖይንት 0,0፣ ፋክተር 25.4። ከሚሊሜትር ወደ ኢንች ከሆነ 1/25.4። ከሜትር ወደ ሚሊሜትር 1000፣ ከጫማ ወደ ሜትር 0.3048።

ብዙ ሰው «ዩኒትስ» ከፍቶ ኢንቹን ወደ ሚሊሜትር ቀይሮ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። እሱ የተሳለውን አይነካም። ከዚያ በኋላ ከውጭ የሚገባ ብሎክ በምን ልክ እንደሚገባ ነው የሚወስነው። 35.43 የነበረ በር አሁንም 35.43 ነው፣ ልዩነቱ አሁን ሚሊሜትር ተብሎ መጠራቱ ብቻ ነው። የጣት ያህል በር! ሁለቱንም አድርጉ፦ ስኬሉንም፣ ዩኒትሱንም።

አብረው የማይሄዱ ነገሮች

አንድ ነገር ስኬል ስታደርጉ የዳይሜንሽኑ ቁጥር ይለወጣል፣ የጽሑፉ ቁመት ግን አይለወጥም። ቁመቱ የሚመጣው ከዳይሜንሽን ስታይሉ ስለሆነ እዚያ ሄዳችሁ ነው የምትቀይሩት። አኖቴቲቭ የሆነ (መጠኑን ከወረቀቱ ስኬል ጋር ራሱ የሚያስተካክል) ጽሑፍም እንደዚያው ነው፤ ቦታው ይቀየራል፣ መጠኑ ያው ነው።

የተበታተኑ ብዙ ጽሑፎች ካሉ እና ሁሉም ባሉበት ቦታ ብቻ እንዲያድጉ ከፈለጋችሁ ስኬል አትጠቀሙ፣ ሁሉም ከአንድ ነጥብ ይሸሻሉ። «ስኬልቴክስት» የሚባል ኮማንድ አለ፤ እያንዳንዱን በራሱ ነጥብ ላይ ያሳድገዋል።

የተቆራረጠው መስመር ድሮዊንጉን ካሳደጋችሁ በኋላ ድፍን መስሎ ከታያችሁ ወይም በጣም ከተራራቀ «ኤል ቲ ስኬል» ብላችሁ ቁጥሩን አስተካክሉ። መስመሩ አልተበላሸም።

ወረቀት ላይ ትልቅ እንዲሆን ብቻ ከሆነ

እዚህ ጋ ነው ብዙ ድሮዊንግ የሚበላሸው። ፕላኑ ወረቀቱ ላይ አልገባ ሲል በስኬል በ0.01 አሳንሰው የሚያትሙ አሉ። ያኔ 4 ሜትር የነበረው ክፍል በፋይሉ ውስጥ 4 ሴንቲሜትር ሆነ። ቀጥሎ የሚለካው ሁሉ ውሸት ነው።

ሞዴል ስፔስ (የምትስሉበት ቦታ) ላይ ሁልጊዜ በእውነተኛው ልክ ሳሉ። ማሳነሱ የሌይአውት (የሚታተመው ወረቀት የሚዘጋጅበት ገጽ) ሥራ ነው። ሌይአውት ታብ ላይ ሂዱ፣ ቪውፖርቱ (ሥዕሉ ወረቀቱ ላይ የሚታይበት መስኮት) ውስጥ ሁለቴ ክሊክ አድርጉ፣ ታች ካለው ዝርዝር 1:50 ወይም 1:100 ምረጡ። ከዚያ የቁልፉን ምልክት ነክታችሁ ቆልፉት። ካልቆለፋችሁት ማውሱን ለዙም ስታሽከረክሩ ስኬሉ ሹልክ ብሎ ይለወጥባችኋል። ሞዴል ስፔስ ላይ የምትጽፉት ጽሑፍ በ1:100 ሲታተም 2.5 ሚሊሜትር እንዲሆን 250 ቁመት ስጡት።

እምቢ ሲል

ስኬል ብላችሁ ምንም ካልሆነ ኮማንድ ላይኑን አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱን ጽፎላችኋል። ሌየሩ (ኦብጀክቱ ያለበት ንብርብር) ተቆልፎ ከሆነ ኦብጀክቱን ይለያል፣ ግን አይነካውም። ሌየሩን ክፈቱት። ኤክስሬፍ (ከሌላ ፋይል ተያይዞ የሚታይ ድሮዊንግ) ከሆነ ሙሉውን እንጂ ውስጡ ካለው አንዱን ብቻ መቀየር አይቻልም፤ ዋናው ፋይል ጋ ሄዳችሁ ቀይሩት።

ሲያልቅ «ዲ አይ» ብላችሁ እንደገና ለኩ። ሁለት ነገር ይበቃል፦ መቀየር የነበረበት እና መቀየር ያልነበረበት። ክፍሉ 4600፣ በሩ 900 ካለ ሴቭ አድርጉ። በሩ 1035 ካለ «ዩ» ጽፋችሁ ኢንተር በሉና ስትሬች ላይ እንገናኝ።